ስለ ዒላማና ስለ ትዕግሥት

መሣሪያ መያዝ አንድ ነገር ነው፤ መሣሪያ ማወቅ ግን ሌላ ነው። በአገራችን ግን ብዙ ዘመን ሁለቱ እንደ አንድ ሲቈጠሩ ኖረዋል። ጠመንጃ ከትከሻው ያላነገተ፥ ሽጉጥም ከወገቡ ያልታጠቀ ወንድ ሙሉ ሰው አይደለም የሚል አስተሳሰብ ነበረ፤ በአንዳንድ ስፍራ ዛሬም አልጠፋም። መሣሪያው በእጁ የገባ ሰው ሁሉ ተምሮ እንደ ያዘው፥ ተኩስ የተማረም ሁሉ መቼ መተኮስ እንደማይገባው አብሮ እንደ ተማረ አድርጎ ማሰብ ትልቅ ስሕተት ነው። ለዚህ ምስክር የሚሆን ታሪክ ስንፈልግ ሩቅ አንሄድም፤ የእንጦጦ ተራራና ከግርጌው ያለው የየካ አገር ብዙውን ይነግረናል። ነገሩ ሲያስገድደን ብቻ ወደ ሆለታና ወደ ወለጋ ብቅ ብለን እንመለሳለን።

በ1879 ዓ.ም. አርተር ራምቦ የሚባል ፈረንሳዊ፥ በአገሩ ባለቅኔ የነበረ፥ በኋላ ግን ቅኔውን ትቶ ነጋዴ የሆነ ሰው፥ ወደ 2,000 የሚጠጋ ጠመንጃ በግመል አስጭኖ ከታጁራ ተነሥቶ በረሓውን አቋርጦ ሸዋ ገባ። ምኒልክ ያን ጊዜ ገና የሸዋ ንጉሥ ነበሩ፤ ከተማቸውም እንጦጦ ነበረ። ራምቦ አንኮበር ሲደርስ ንጉሡ ወደ ሐረር ዘምተው ስለ ነበረ አላገኛቸውም፤ በኋላ እንጦጦ ላይ አግኝቷቸው መሣሪያውን ሸጠላቸው። ያሰበውን ያህል አላተረፈም፤ የሞተው ሸሪኩ አበዳሪዎች ብዙውን ገንዘብ ወሰዱበት። ጠመንጃዎቹም በአውሮፓ ዘመናቸው ያለፈባቸው ነበሩ። ዳሩ ግን እንዲህ እንዲህ እያለ፥ ከዚህም ከዚያም የተሰበሰበው መሣሪያ ነው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ የቆመው።

ያ ሁሉ ጠመንጃ ወደ እንጦጦ ሲወጣ አብሮት የወጣ የተኩስ ትምህርት ቤት ግን አልነበረም። አባት ለልጁ ያሳየዋል፤ ልጁም አደን ወጥቶ ይሞክራል፤ የቀረውን ጦርነት ያስተምረዋል። ታዲያ ብዙዎቹ እንዴት አልመው መቱ ቢባል፥ አንዱ ምክንያት የጥይት ውድነት ይመስለኛል። በዚያ ዘመን ጥይት እንደ አሞሌ ጨው በገበያ ላይ እንደ ገንዘብ ይመነዘር ነበር። አንድ ጥይት በከንቱ የተኮሰ ሰው ከኪሱ ገንዘብ አውጥቶ እንደ በተነ ነበር የሚቈጠረው። ስለዚህ ሳያነጣጥር የሚተኩሰው ጥቂት ነበር። ነገር ግን ይህ ቁጠባ እንጂ ሕግ አይደለም። ቁጠባ የሚጠብቀው ጥይቱን ነው፤ ፊት ለፊት ያለውን ሰው አይጠብቅም። ጥይት በረከሰ ቀን ምን እንደሚሆን ከዚህ በታች እናያለን።

አሁን ወደ ሽጉጥ እንምጣ፤ ወጣቶች ከሁሉ ይልቅ የሚጓጉለት እርሱ ነውና፤ የማይታወቀውም እርሱ ነው። ሽጉጥ ትንሽ ስለ ሆነ ቀላል ይመስላል። በእውነቱ ግን ከጠመንጃ ይልቅ ለመምታት የሚያስቸግር መሣሪያ ነው፤ ምክንያቱም በሒሳብ ሊነገር ይችላል። በአንድ ጠመንጃ ላይ ከኋላው ማነጣጠሪያ እስከ ፊተኛው ያለው ርቀት 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው እንበል፤ በሽጉጥ ላይ ግን 15 ሳንቲ ሜትር ነው። ተኳሹ ሁለቱን ማነጣጠሪያዎች ሲያስተካክል አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ቢሳሳት፥ 25 ሜትር ላይ ባለ ዒላማ የጠመንጃው ጥይት 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ይስታል፤ የሽጉጡ ግን ወደ 17 ሳንቲ ሜትር ይስታል። አፈሙዙ አንድ ዲግሪ ቢዛነፍማ፥ ጥይቱ በዚያው ርቀት 44 ሳንቲ ሜትር ወደ ጎን ይሄዳል፤ ይህም ማለት ከሰው ደረት አልፎ ከጎኑ የቆመውን ሌላ ሰው ያገኛል ማለት ነው። ጠመንጃ በትከሻና በሁለት እጅ ይደገፋል፤ ሽጉጥ ግን የእጅ አንጓ መንቀጥቀጥ፥ የትንፋሽ መውጣት መግባት፥ የልብ ምት ሳይቀር ያናውጠዋል። የፈራ ሰው ልቡ ይመታል፤ እጁም ይንቀጠቀጣል፤ ሽጉጥ የሚያስፈልገው ጊዜ ደግሞ የፍርሃት ጊዜ ነው። በሲኒማ ቤት ሽጉጥ ከወገቡ አውጥቶ ሳያይ የሚመታውን ሰው አይቶ የሚያምን ወጣት ይህን ሒሳብ ራሱ በወረቀት ላይ ይሥራው።

ስለዚህ ጥሩ የተኩስ መምህር ተማሪውን የመጀመሪያውን ቀን አያስተኩሰውም። አስቀድሞ አያያዙን ያስተምረዋል፤ ከዚያም ትንፋሹን እንዴት እንደሚገታ፥ ምላጩን ሳይነጥቅ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ እንዴት እንደሚስብ ያሳየዋል፤ ምላጭ የነጠቀ እጅ አፈሙዙን ወደ ታች ወይም ወደ ጎን ይጎትተዋልና። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን በዓለም ሁሉ የተኩስ ሜዳዎች የታወቁትን ነገሮች ያስጠናዋል። መሣሪያ ሁሉ ጥይት እንደ ጎረሰ ይቈጠራል፤ ባዶ ነው ቢባልም እንኳ። አፈሙዝ ሊመቱት ወደማይፈልጉት ነገር አይዞርም፤ በቀልድም ቢሆን። ማነጣጠሪያው ዒላማው ላይ እስኪያርፍ ድረስ ጣት ምላጭ ውስጥ አይገባም። ዒላማውን ብቻ ሳይሆን ከዒላማው በስተጀርባ ያለውን ሳያውቁ አይተኮስም። እነዚህን አንብቦ ለማስታወስ አንድ ቀን ይበቃል፤ እጅ እንዲለምዳቸው ግን ወራት ያስፈልጋል።

የመጨረሻይቱ ነገር በእንጦጦ ተዳፋት ለሚኖር ሰው ልዩ ትርጕም አላት። የሽጉጥ ጥይት ምንም አጭር አፈሙዝ ቢኖረው ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል። በሠርግ ወይም በበዓል ቀን ደስ ብሎት ወደ ሰማይ የሚተኩስ ሰው ጥይቱ ሰማይ ገብቶ የሚቀር ይመስለዋል። ጥይት ግን የወጣበትን ያህል ይወርዳል፤ ተራራው ላይ የተተኮሰው ፈረንሳይ ለጋሲዮን ወይም ሽሮ ሜዳ በአንዱ ቆርቆሮ ቤት ጣሪያ ላይ ሊወርድ ይችላል። በዚያ ጣሪያ ሥር ማን እንደ ተኛ ተኳሹ አያውቅም። ደስታውን በእልልታ ቢገልጽ ምን ጎደለው?

ለተማሪዎች ተኩስን በሥርዐት ማስተማር በአገራችን በደንብ የተጀመረው በሆለታ ገነት ነው። በ1927 ዓ.ም. በካፒቴን ቪኪንግ ታም የሚመሩ አምስት የስዊድን መኰንኖች በዚያ የጦር ትምህርት ቤት ከፈቱ። ለዕጩ መኰንንነት የተመረጡት ብዙዎቹ ከተፈሪ መኰንንና ከዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የመጡ፥ ፈረንሳይኛ የሚያውቁ ልጆች ነበሩ፤ ትናንት ደብተርና እርሳስ ይዘው የነበሩ እጆች ዛሬ መሣሪያ ያዙ። ትምህርቱ ግን እንደ ታሰበው አልተፈጸመም። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠላት መረብን ተሻገረ። በሚያዝያ፥ የማይጨው ጦር ከተፈታ በኋላ፥ ጥቂቶቹ ተማሪዎች በችኮላ የተሰበሰበ ጦር እየመሩ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣውን ጠላት ጣርማ በር ላይ ለማቆም ወጡ። ልጆች ነበሩ፤ ሰዓቱም አልፎ ነበር፤ መንገዱን ሊዘጉት አልቻሉም።

በዚያው ሰሞን ደግሞ በአዲስ አበባ ጥይት ረከሰ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. በባቡር ከከተማው ወጡ፤ ጠላት የገባው ሚያዝያ 27 ቀን ነው። በመካከል ባሉት ቀኖች ከተማው ያለ ሹም ቀረ። ግምጃ ቤትና የመሣሪያ መጋዘን ተከፍቶ ነበርና፥ ጠመንጃና ሽጉጥ በእጃቸው ነክተው የማያውቁ ሰዎች እንደ ልባቸው አነሡ፤ የመጠጥ መደብርም ተሰበረ። ከዚያ ወዲያ የሆነው ለመናገር ያሳፍራል፤ ሱቅ ተዘረፈ፥ ቤት ተቃጠለ፥ ሰው ያለ ፍርድ ሞተ። ቀንና ሌሊት የሚተኮሰው ተኩስ ብዙው በማንም ላይ ያልተነጣጠረ ነበር፤ ይሁን እንጂ ገደለ። አንዲት አሜሪካዊት የሚስዮን ባለቤት በባራሪ ጥይት ሞተች። የብሪታንያ የአምቡላንስ ማኅበር አለቃ የነበረው ዶክተር ጆን ሜሊ፥ በጦር ሜዳ ቁስለኞቻችንን ሲያክም ከአውሮፕላን ቦምብና ከመርዝ ጋዝ የተረፈ ሰው፥ ሚያዝያ 25 ቀን የወደቁትን ሊያነሣ በከተማው ሲዘዋወር አንድ ሰካራም ተኰሰበት፤ ከሁለት ቀን በኋላም ሞተ። ሊያድነን የመጣ ሰው በእኛ ሰው እጅ መሞቱ እስከ ዛሬ ያንገበግባል።

በዚያ ጊዜ ዛሬ የካ ክፍለ ከተማ በሚባለው፥ በኮረብታው ግርጌ ባለው በእንግሊዝ ለጋሲዮን ግቢ ውስጥ፥ ከሺህ በላይ የሆኑ የብዙ አገር ሰዎች ተጠልለው ነበር። ግቢውን የሚጠብቁት የሕንድ የሲክ ወታደሮች ነበሩ፤ በአለቃ ትእዛዝ እየወጡ የተከበበውን ሰው ከከተማ አምጥተው ይመለሱ ነበር። በዚያ በር በስተ ውጭና በስተ ውስጥ የነበረው መሣሪያ በዓይነቱ ብዙ አይለያይም ነበር። ከውጭ ያለው የሰከረ ሰው ጠመንጃና ከውስጥ ያለው የዘበኛ ጠመንጃ ሁለቱም ሰው ይገድላሉ። የሚለያዩት በያዣቸው ነው፤ አንዱ ለምን እንደሚተኩስ የሚጠይቀው አለቃና ሕግ አለው፤ ሌላው የለውም። ዛሬ በፍቅረ ማርያም አባ ተጫን መንገድ ወደ እንግሊዝ ኤምባሲ የሚሄድ ወጣት ይህን ግንብ ሲያይ ነገሩን ቢያስብ መልካም ነው። የመንገዱ ባለ ስም ራሳቸው በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር አርበኞች አዲስ አበባን ከጠላት ለማስለቀቅ በየአቅጣጫው ሲያጠቁ በምሥራቅ በኩል የገቡት ጦር መሪ ነበሩ።

የሆለታ ልጆችስ ምን ሆኑ? ብዙዎቹ ወደ ምዕራብ ተሻግረው ነቀምት ደረሱ፤ በዚያም ከሌሎች የተማሩ ሰዎች ጋር ሆነው የጥቁር አንበሳን ማኅበር አቋቋሙ። መሪያቸው የእንስሳት ሐኪም የሆኑት ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ። በሰኔ ወር 1928 ዓ.ም. ቦናያ በሚባለው ስፍራ ያረፉትን ሦስት የጠላት አውሮፕላኖች በሌሊት አጥቅተው አቃጠሉ፤ ከሞቱትም መካከል የኢጣልያ የአየር ኀይል ጄኔራል ማሊዮኮ ነበረ። ስለዚህ ሌሊት ብዙ ተነግሯል፤ እኔም በጀግንነቱ እኮራለሁ። ነገር ግን ከአውሮፕላኖቹ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ሌላ ሥራቸው ነው፤ ይኸውም ለራሳቸው የጻፉት የአሥር አንቀጽ ደንብ ነው።

በዚያ ደንብ የጦሩ ሥልጣን ከፖለቲካው ሥልጣን በታች እንዲሆን ወሰኑ። ባላገሩ እንዳይጎዳ አገዱ። የተማረከ ጠላት እንዳይንገላታ ደነገጉ። አገር ጥሎ መሰደድንም ከለከሉ። እንግዲህ ይህ የተጻፈው መቼ እንደ ሆነ ልብ በል፤ መንግሥት ፈርሷል፤ የሚቈጣጠራቸው የበላይ የለም፤ ጠላት በመርዝ ጋዝ ወገናቸውን ፈጅቷል፤ እነርሱ ግን ስንቃቸው ያለቀ፥ ጥይታቸው የተቈጠረ ወጣቶች ናቸው። የባላገሩን ጎተራ በጠመንጃ ቢያስከፍቱ ማን ይጠይቃቸው ነበር? ምርኮኛውንስ ቢገድሉ ማን ይፈርድባቸው ነበር? የሚገታቸው ሰው ባይኖር ራሳቸውን በራሳቸው ገቱ። የሆለታው መምህር እጃቸውን አስተማረ፤ ይህን ደንብ የጻፈው ግን ከእጅ በላይ ያለ ነገር ነው። ከዚያ በኋላ ከልዑል ራስ እምሩ ጋር ሆነው ተዋጉ፤ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበው እጃቸውን ለመስጠት ተገደዱ። ከየካቲት 12 በኋላም ጠላት ከእነርሱ ብዙዎቹን ያለ ፍርድ ረሸነ። ምርኮኛ አይንገላታ ብለው የጻፉት ሰዎች ምርኮኛ ሆነው ሞቱ።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የሆነው ነገር ስድስት ኪሎ ባለው በገነተ ልዑል ግቢ እንደ ተጀመረ ሁሉም ያውቃል። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከጣሉ በኋላ፥ በሠለጠነ ሠራዊት ውስጥ የተኩስ ትምህርት የተማሩ ወታደሮች ምጽዋት ሊቀበል በተሰበሰበ ድኻ ላይ ተኮሱ፤ እልቂቱም ሦስት ቀን ቆየ። መተኮስ የማያውቅ እጅ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ያደረገውን አይተናል፤ መተኮስ የሚያውቅ እጅ ደግሞ ይኸውና ያደረገው።

በዚያው ግቢ ከ24 ዓመት በኋላ የራሳችንን ነገር አየን፤ ይህን መዝለል ለእውነት ታማኝ አለመሆን ነው። በታኅሣሥ ወር 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ አለቆች በመንግሥት ላይ ተነሥተው መኳንንቱንና ሚኒስትሮቹን በገነተ ልዑል አሰሩ። የተነሡበት ምክንያት ትክክል ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ክርክር እዚህ አናነሣም፤ ሰፊ ነው፤ ጻድቅ የሚመስል ምክንያትም ነበራቸው። ታኅሣሥ 7 ቀን ግን የጦር ሠራዊቱ ሲቃረብባቸው፥ በአረንጓዴው አዳራሽ የታሰሩትን፥ መሣሪያ የሌላቸውን ሰዎች ተኩሰው ብዙዎቹን ገደሉ። ከሞቱት አንዱ ራስ አበበ አረጋይ ናቸው፤ አምስት ዓመት በሸዋ ጫካ ጠላት ፈልጎ ያላገኛቸው አርበኛ። ክብር ዘበኛ በዚያ ዘመን ከአገሩ ጦር ሁሉ በትምህርት የላቀ ነበር፤ ኮርያ ዘምቶ ስም ያስጠራ ጦር ነው። እንግዲህ የተኩስ ትምህርት አልጎደለም ነበር። የጎደለው ያ በነቀምት ያለ አስገዳጅ የተጻፈው ነገር ነው። ያ ግቢ ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው፤ ተማሪዎች መጽሐፍ ይዘው በዚያ ደጅ ይመላለሳሉ።

ራስን ስለ መከላከል ሕግ ምን ይላል? ነገሩ አዲስ አይደለም። ኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 22 ሌሊት ቤት ሲቈፍር የተገኘ ሌባ ቢሞት በገዳዩ ላይ የደም ዕዳ የለበትም፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ከሆነ ግን ዕዳ አለበት ይላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በጨለማ ሌባው ለመስረቅ ይምጣ ለመግደል አይለይም፤ በብርሃን ግን ይለያል፤ ሰውም ጠርቶ መያዝ ይቻላል። ይህ አሳብ በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 74 በአዲስ መልክ ገባ፤ ዛሬም በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 አለ። ጥቃቱ ከሕግ ውጭ የሆነና አሁኑኑ የሚደርስ መሆን አለበት፤ በሌላ መንገድ ሊያመልጡት የማይቻል መሆን አለበት፤ መከላከሉም ከአደጋው ጋር የተመጣጠነ መሆን አለበት። ከመጠን ያለፈ እንደ ሆነ አንቀጽ 79 ይከተላል፤ ዳኛው ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል፤ ሰውዬው ይቅር በሚያሰኝ ፍርሃት ወይም ድንጋጤ ያደረገው ከሆነም ከቅጣት ነጻ ሊያደርገው ይችላል። ከዚህም ሌላ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ መያዝ ራሱ ወንጀል ነው፤ ስለዚህ አባቱ ሳጥን ውስጥ ያገኘውን ሽጉጥ ለጓደኞቹ የሚያሳይ ልጅ ገና ሳይተኩስ አጥፍቷል።

ይህን በምሳሌ እንየው። ኮተቤ ላይ አንድ ሰው በሌሊት አጥሩ ሲሰበር ሰማ እንበል። ወጥቶ ሲያይ ሌባው ራዲዮውን ተሸክሞ ጀርባውን ሰጥቶ ይሮጣል። ባለቤቱ ተናዷል፤ መናደዱም አይፈረድበትም። ነገር ግን ጥቃቱ አልፏል፤ የቀረው ንብረት ነው፤ የሮጠውን ሰው ከኋላው ቢመታ መከላከል መሆኑ ቀርቶ በቀል ይሆናል። ሌባው ቢዞርና ጩቤ መዝዞ ቢመጣበት፥ መሸሻም ባይኖረው ነገሩ ይለወጣል። ይህን ልዩነት ሰው በሁለት ሰከንድ ውስጥ፥ በጨለማ፥ ልቡ እየመታ ሊፈርድ ነው። አስቀድሞ በቀን፥ በጸጥታ ያላሰበው ሰው በዚያች ሰዓት አያስበውም። ጩኸት፥ መብራት፥ ጎረቤት መጥራት፥ በሩን ዘግቶ ፖሊስ መጠበቅ፥ እነዚህ ሁሉ ከሽጉጥ በፊት ናቸው፤ ብዙ ጊዜም ይበቃሉ።

ከመገናኛ ተነሥቶ በኮተቤ በኩል ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚወስደው መንገድ ሰንዳፋ ያደርሳል፤ በዚያ የኢትዮጵያ ፖሊስ ዩኒቨርሲቲ አለ። መንግሥት ሽጉጥን በወገባቸው የሚያስታጥቃቸው ወጣቶች የሚማሩት በእንዲህ ያለ ቤት ነው። በ1982 ዓ.ም. መጨረሻ በሐቫና የተሰበሰበው የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ፖሊሶች መሣሪያ ስለሚጠቀሙበት ሁኔታ መሠረታዊ ደንብ አውጥቷል፤ በዚያም መሠረት ፖሊስ በሰው ላይ የሚተኩሰው የሞት ወይም የከባድ ጉዳት አደጋ ሲደቀን ነው፤ ከመተኮሱም በፊት ማንነቱን መንገርና ማስጠንቀቅ አለበት፤ ጊዜ ካልከለከለው በቀር። ለፖሊስ ይህ ከተባለ ለሌላው ሰው ምን ሊባል ነው?

በማናቸውም በሥርዐት በሚመራ የተኩስ ሜዳ አንድ ትእዛዝ ከሁሉ ይበልጣል፤ ተኩስ አቁም የሚለው ነው። ይህን ቃል አለቃው ብቻ ሳይሆን አደጋ ያየ ማናቸውም ሰው፥ ትንሹም ተማሪ ቢሆን፥ ሊጮኸው ይችላል፤ የሰማውም ሁሉ ለምን ሳይል ይታዘዛል። ጣቱን ከምላጩ ያወጣል፤ አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳቀና ካዝናውን ይነቅላል፤ መሣሪያውን ከፍቶ በዐይኑ ያያል፤ ዐይኑን ስለማያምንም በጣቱ ይዳስሳል። ከዚያ መሣሪያውን ከፊቱ አስቀምጦ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ዒላማውን ሊያዩ የሄዱት ሰዎች እስኪመለሱ ድረስም እጁን ወደ እርሱ አይዘረጋም።